ድመቷ ወደ ቤቷ አልሄደችም

ውሪት የጠፋችው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት የገጠር መንደር ነው። ጊዜው መስከረም 2012 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዋዜማ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር። ባለቤቷ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር መምህርት ናት። ለበዓሉ ወደ እናቷ ስትመጣ ድመቷን የሚያበላላት ሰው አጣችና ጎንና ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ከትታ በሚኒባስ ይዛት መጣች። እኔም ለበዓሉ ተጋብዤ አብሬያቸው ነበርኩ። ማንኩሳን አልፈን ቡሬ እስክንደርስ ከካርቶኑ ድምፅ አልወጣም። መናኸሪያው ላይ መኪና ስንቀይር ብቻ አንዴ ጮኸች።

ግቢው ውስጥ ካርቶኑ መሬት እንደነካ የታሰረው ውሻ ሰንሰለቱን እየጎተተ ተነሣ። ውሪት ጭራዋን አሳብጣ ዘለለች፤ ከጓሮው በቆሎ ውስጥ ገባች፤ በዚያው ጠፋች። በመስከረም የምዕራብ ጎጃም በቆሎ ጫካ ነው። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣውን ቢኤች 660ን የመሳሰለው ዘር ጊዜው ሲደርስ ከረዥም ሰው በላይ ይቆማል፤ ሥሩ ደግሞ ባቄላውና ዱባው፣ አረሙም ተጠላልፎበት እጅ የማያስገባ ይሆናል። «ውሪት! ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ!» እያለች ባለቤቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ ተጣራች። ከበቆሎው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ቅጠል እንኳ አልታየም።

እናትየው ከማጀት ወጥተው ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «አትድከሚ ልጄ፤ ይችማ ቤቷ ሄዳለች» አሏት። «ድመት ቤት ነው እንጂ ሰው አትወድም። ስትመለሺ ደጃፍሽ ላይ ተኮራምታ ታገኛታለሽ።»

የእናትየው እምነት የጎጃም ብቻ አይደለም። ውሻ ሰውን፣ ድመት ቤትን ትወዳለች የሚለው ነገር አገር ያወቀው ነው። አስቸጋሪ ድመት መጣል የፈለገ ሰው እንኳ መንገዱን እንዳታይ በጆንያ ከትቶ ወንዝ የሚያሻግራት ትመለሳለች ብሎ ስለሚሰጋ ነው። እምነቱ ግን ራቅ ባለ አገር ድመት ለጠፋበት ሰው ክፉ መዘዝ አለው። ፍለጋውን ያስተወዋል። ቤቷ ሄዳለች የተባለላትን ድመት ማን ይፈልጋል? እኔም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ካየሁትም፣ ከዚያ በኋላ ካነበብኩትም የተረዳሁት፣ በሰው አገር የጠፋች ድመት አብዛኛውን ጊዜ የትም እንደማትሄድ ነው። ከጠፋችበት ቦታ አጠገብ ተደብቃ፣ እየሰማችን፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

በእርግጥ ድመት አቅጣጫ የማወቅ ችሎታ የላትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 ፍራንሲስ ሄሪክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ግልገሎች ያሏትን እናት ድመት እየሸፈነ ወስዶ በተለያየ ርቀት ሲለቃት፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ወደ ልጆቿ ደጋግማ ተመልሳለች። በ1954 ደግሞ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች ድመቶችን በተሸፈነ ዕቃ ወስደው በዙሪያው ብዙ መውጫ ባለው የተዘጋ መተላለፊያ ውስጥ ለቀቋቸው። ቤታቸው ቅርብ የሆነ ድመቶች ወደ ቤታቸው የሚያየውን መውጫ ይመርጡ ነበር። ቤታቸው እየራቀ ሲሄድ ግን ምርጫቸው እየተዛባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ማብቂያ ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ባለቤቶቿ በጉዞ ላይ ሳሉ የጠፋችባቸው ሆሊ የተባለች ድመት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከስታና መዳፏ ተልጦ በባለቤቶቿ ከተማ ተገኝታለች። እሷ መሆኗ የታወቀው ቆዳዋ ሥር በተቀበረ መለያ ነው። የሆሊ ታሪክ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ የወጣው ግን ብርቅ በመሆኑ ነው። ስለ ተራዎቹ ድመቶች ማንም ዜና አይሠራም።

ስለ ተራዎቹ የሚነግረን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ነው። የአውስትራሊያና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የ1,210 የጠፉ ድመቶችን ባለቤቶች ጠይቀው ነበር። ከተገኙት ድመቶች ግማሾቹ የተገኙት ከጠፉበት ቦታ በ50 ሜትር ውስጥ ነው። ሦስት አራተኛዎቹ ደግሞ ከ500 ሜትር አላለፉም። በመጀመሪያው ሳምንት በሕይወት የተገኙት ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆኑ፣ እስከ ዓመት ድረስ ግን ቁጥራቸው 61 በመቶ ደርሷል። ጠቃሚ ሆኖ የታየው ዘዴም በእግር እየዞሩ፣ ጥጋጥጉን እየበረበሩ መፈለግ ነበር። ከአጥኚዎቹ አንዷ ካቲ አልብሬክት ቀድሞ በካሊፎርኒያ ፖሊስ ውስጥ ስትሠራ ሰው የሚፈልጉ ውሾችን የምታሠለጥን ሴት ነበረች። በኋላ የወንጀል ምርመራ ዘዴዋን ይዛ የጠፉ እንስሳትን ወደ መፈለግ ገብታለች።

ምክንያቱን ለመረዳት ቤት ለድመት ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ድመት የምትኖርበትን ግቢ በጠረኑ ታውቀዋለች። ጉንጯን በበሩ መቃን ታሻሻለች፤ ጎኗን በመደቡ ጠርዝ ትፈገፍጋለች፤ በጥፍሯ ምሰሶውን ትቧጭራለች። በዚያ ሁሉ ላይ የራሷን ሽታ ትተዋለች። በዚያ ምልክት መካከል እስካለች ድረስ ድፍረት አላት። ካርቶን ውስጥ ከትተን ወደማታውቀው ግቢ ስንወስዳት ግን ያ ሁሉ ይቀርባታል። ያን ጊዜ የሚመጣላት እንደ ማንኛውም የሚታደን ትንሽ እንስሳ መሸሸግና ድምፅ ማጥፋት ነው። ድመት አዳኝ ብቻ አይደለችም፤ በውሻም፣ በጅብም፣ በአሞራም ትበላለች። በፍርሃት የተደበቀች ድመት መጮኽ ማለት ያለችበትን ለጠላት መንገር ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ሦስት እርምጃ አጠገቧ ቆማ ስሟን ብትጠራት እንኳ ላትመልስ ትችላለች።

ስሟን አለመስማቷ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ለ20 የቤት ድመቶች የእንግዶችንና የባለቤቶቻቸውን ድምፅ በቴፕ አሰምተው ነበር። ድመቶቹ የባለቤታቸውን ድምፅ ለይተዋል። መለየታቸው የታወቀው ጆሯቸውን በማዞርና ራሳቸውን ቀና በማድረግ ነው እንጂ፣ አብዛኞቹ አልጮኹም፤ ተነሥተውም አልመጡም። የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰማም። የድመት ጆሮ ግን ከ60 ሺህ በላይ ይሄዳል። በቆሎው ውስጥ ያለችው ውሪት የመምህርቷን ጥሪ ብቻ ሳይሆን የነጠላዋን ሽውታ ሳትሰማ አልቀረችም።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ የተኛ አልነበረም። ሌሊቱ ያለ ጫጫታ አያልፍም፤ ጎሕ ሳይቀድ ልጆች ችቦ አብርተው እየዘፈኑ ይዞራሉ። እኛ ከዚያ በፊት፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የስልክ መብራት ይዘን ወጣን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የድመት ዓይን ከብሌኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ስስ ሽፋን ስላለው መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ወርቅ ሆኖ ያበራል። መብራቱን ከዓይናችን አጠገብ፣ በጉንጫችን ትክክል ይዘን በቆሎውን ሥር ሥሩን አየነው። አንድ ጊዜ ሁለት ነጥብ በራ። መምህርቷ ትንፋሿን ዋጠች። ነጥቦቹ ወደ ላይ ተነሡ፤ ቀጭን ረዥም ጭራ ተከተላቸው። ሸለምጥማጥ ነበር፤ ወደ ዶሮ ቤቱ እየሄደ። ከሩቅ ጅብ ሲጮኽ የመንደሩ ውሾች ሁሉ ተቀባበሉት። መምህርቷ ስታለቅስ በጨለማው ውስጥ ሰማኋት።

ጠዋት ቡናው ሲፈላ ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ጎረቤት ያሉት አሮጊት፣ ሁሉ እሙሃይ የሚላቸው፣ ስለ ድመት ይህን ያህል መጨነቅ የሚያስገርም ነገር አልሆነባቸውም። «ባለፈው ዓመት ድመቴ ብትሞት አይጠ መጎጡ ጎታዬን ወንፊት አደረገው» አሉ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከወምበርማ እስከ ሜጫ ድረስ የአርሶ አደሩ ሀብት ጎተራው ውስጥ ነው ያለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን በደንብ ይገድላል፤ አይጥ ግን ከረጢቱን ትበሳዋለች፤ ከተበሳ ደግሞ ነቀዙም ይመለሳል። በእኛ አካባቢ እህል ከሚያጠፉት አንዷ ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለች። እንዲህ ካለች ጠላት ጋር በየሌሊቱ የምትሟገተው ድመት ነች። የድመት ግልገል በዘመድ መካከል ሲሰጥ ስጦታ ነው። ሙሽራ ጎጆ ሲወጣም ግልገል ይፈለግለታል።

ድመት ከሰው ጋር የተዛመደችውም በዚሁ በእህል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው በዓለም ላይ ያሉ የቤት ድመቶች ሁሉ የዘር ግንዳቸው የሚመዘዘው ከአፍሪካ የዱር ድመት፣ በተለይ በመካከለኛው ምሥራቅ ከነበረው ወገን ነው። የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች እህል ማከማቸት ሲጀምሩ አይጥ መጣች፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ያ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን አለ። እሙሃይ «የአውሬው ድመት» የሚሉት፣ እግሩ ረዘም ያለ፣ ቀለሙ አመድማ ፍጡር እሱ ነው።

ለምን እዚህ ላይ ይህን አነሣሁ? እሙሃይ ፍለጋውን የጀመሩት ከዚህ እውቀት ስለሆነ ነው። «በቆሎ ውስጥ የለችም» አሉ። «በቆሎ ያረጥባል፤ ድመት እርጥብ አትወድም። ደረቅና ጠባብ ቦታ፣ አይጥ የሚሸትበት ቦታ ፈልጉ። ጎተራ ሥር እዩ። ኩበት ክምር ውስጥ እዩ።» ከዚያ ከምድጃቸው የቀዘቀዘ አመድ በወንፊት ነፍተው አመጡና በየጎተራው ዙሪያ እንዲነሰነስ አደረጉ። የሄደበትን የሚያሳይ እንደ ነፋ አመድ ያለ ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት ከእሙሃይ ጎተራ በስተጀርባ፣ በአመዱ ላይ፣ ጥፍር የሌለበት ክብ ክብ ኮቴ ተገኘ። የውሻና የቀበሮ ኮቴ የጥፍር ነጥብ አለው። ድመት ግን ስትሄድ ጥፍሯን ትሰበስባለች። ቦታው ከጠፋችበት የግቢ በር 40 እርምጃ ቢሆን ነው።

ግን የእሷ ኮቴ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? የመንደሩም ድመቶች አሉ። በዚያ ላይ የመምህርቷ የሥራ ቀን ደርሷል። በሰው አገር የጠፋን ነገር መፈለግ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መንገደኛ ጊዜ የለውም።

ገጠር ለዚህ መልስ አለው። መንገደኛው ቢሄድ ፍለጋውን በአደራ የሚረከብ ሰው አለ። እናትየው ሰንበት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ለካህኑ ነገሯቸው። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ሲቀመጥ፣ ስለ መዋጮና ስለ ሰበካ ጉባኤ ከተነገረ በኋላ፣ ካህኑ «ከፍኖተ ሰላም የመጣች እህታችን ድመት ጠፍታባታል፤ ግራጫ ናት፤ ያየ ሰው ለእናቷ ይንገር» አሉ። ላም ወይም በቅሎ ሲጠፋ እንደሚነገረው ሁሉ ማለት ነው። እረኞቹም ተነገራቸው። የገጠር እረኛ ዓይን ምን እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ምን እንደገባ፣ የማን ዶሮ የት እንደምትጥል እሱ ያውቃል።

አገሩ የጠፋን ነገር ለመፈለግ ከጥንትም ሥርዓት ነበረው። ሌባ ያልታወቀ እንደሆነ ሕዝቡ በአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ የከፋው ሌባ ሻይ የሚባለው ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ በወገቡ ታስሮ እየተመራ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ብዙ ንጹሕ ሰው የተጎዳበት ነገር ስለነበር መቅረቱ ደግ ነው። የጠፋን እንስሳ በተመለከተ ዛሬም የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 1152 ላይ ያስቀመጠው ነገር አለ። ከባለቤቱ ያመለጠ የቤት እንስሳ ባለቤት እንደሌለው የሚቆጠረው፣ ባለቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ሳይፈልገው ሲቀር ወይም መፈለግ ጀምሮ ለአንድ ወር ሲያቋርጥ ነው። ሕጉ የደነገገው ስለ በሬና ስለ በቅሎ አስቦ ይሆናል። ድመትም ግን የቤት እንስሳ ናት። የምትፈልጋት ሰው እስካለች ድረስ ድመቷ የእሷ ናት፤ መፈለግ ራሱ መብት ይጠብቃል።

መምህርቷ ወደ ፍኖተ ሰላም ከተመለሰች በኋላ ያደረገችውን ነገር ያሳሰቧት እናቷ ናቸው። ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው በእሙሃይ ጎተራ ሥር፣ ከኩበቱ ክምር አጠገብ አስቀመጡት። ሌሊት ነው፤ ውሻው ቤት ገብቶ ታስሯል። ልጅቱ ከከተማ፣ በስልኩ ሌላ ጫፍ ሆና ማታ ማታ ቤት ውስጥ እንደምታወራት፣ በዝግታ፣ ሳትጮኽ አወራቻት። እናትየው ራቅ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የመምህርቷ ያደረ ነጠላ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ አጠገቡ በፍም ላይ የተጠበሰ ቋንጣ በሸክላ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልመጣም። በሌላው ቀን ቋንጣው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ፣ አንድ ግራጫ ራስ ከኩበቱ መሐል ብቅ አለ። እናትየው አልተነሡም። ነገሩ ያለቀው ባለመነሣታቸው ይመስለኛል። ድመቷ ወጥታ በላች፤ ነጠላው ላይ ተኛች፤ እሳቸውም በነጠላው ጠቅልለው ቤት አገቧት። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ ውሪት ከሁለት ግቢ አልወጣችም ነበር።

«ቤቷ ሄዳለች» ብለው የነበሩት እሳቸው ናቸው። በስልክ ለልጃቸው ያሏት ግን አንድ ቃል ነው፤ «ነይና ውሰጃት።»

ሁሉም የጠፋ እንዲህ አይመለስም። በየገበያው በወረቀት እየተጠቀለለ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ብዙ ድመት ይጨርሳል። ከመርዞቹ አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ጥቁር ዱቄት ሲሆን ከእህል ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። የተመረዘች አይጥ ደንዝዛ ትንገዳገዳለች፤ ለመያዝም ቀላል ትሆናለች። ድመቷም እንግዳ ከሆነችና ከራባት የምትይዘው እሷን ነው። አይጥን ለመግደል የተዘራ መርዝ የአይጥን ጠላት ሲገድል የሚተርፈው የአይጥ ዘር ነው። ይህን ለገበሬው የሚነግር የግብርና ባለሙያ ቢበዛ እህሉም፣ ድመቱም፣ ልጁም ይተርፋል።

ሌላም የምለው አለ። ግጭት ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ አካባቢ ስለ ጠፋች ድመት መጻፍ ይከብዳል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። መንገዱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ሌሊት መብራት ይዞ በበቆሎ መካከል መዞር ዛሬ ለሕይወት ያሰጋል። ሰው በጠፋበት አገር ድመት ምኗ ነው የሚል ሰው አይፈረድበትም። ነገር ግን ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። ላሟን ማን ያልባት ይሆን ይላል፤ ውሻው ታስሮ ቀርቶ ይሆን ይላል፤ ልጆቹ ስለ ድመቷ ይጠይቁታል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ገደማ ከሞሱል ሸሽተው በጎማ ጀልባ ግሪክ ሌስቦስ ደሴት የደረሱ አንዲት እናትና ልጆቻቸው ድመታቸውን በቅርጫት ይዘው ነበር። ስሙ ኩንኩሽ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ግርግር ውስጥ አምልጦ ጠፋባቸው፤ ፈልገው አጡት፤ እያለቀሱ ጉዟቸውን ቀጠሉ። የደሴቲቱ በጎ ፈቃደኞች አግኝተው አከሙት፤ ፎቶውን እየበተኑ ባለቤቶቹን ፈለጉ፤ ከወራት በኋላ፣ በየካቲት 2008 ዓ.ም.፣ ኖርዌይ ድረስ ወስደው አስረከቧቸው። ለኩንኩሽ ያለቀሱት ሰዎች ቤታቸውንም፣ አገራቸውንም ያጡ ሰዎች ነበሩ። ድመቱ ትንሽ ነገር የሚመስለው ምንም ላላጣ ሰው ነው።

እንግዲህ ከቤታችሁ ርቃችሁ ድመት የጠፋባችሁ ሰዎች፣ ሩቅ አትሂዱ። መጀመሪያ የጠፋችበትን ግቢ፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ግቢ ጎተራ ሥር፣ ኩበትና እንጨት ክምር ውስጥ፣ ጣራና ግድግዳ መካከል እያንዳንዱን ስንጥቅ እዩ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ራሳችሁ ግቡ፤ «አላየሁም» ያላችሁ ሰው ጎንበስ ብሎ አላየ ይሆናል። በጩኸት ከመጥራት ይልቅ ሌሊት፣ አካባቢው ሰላም ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ በዝግታ አውሩ። የለበሳችሁትን ጨርቅ አንጥፉ፤ ሽታው የሚጣራ ምግብ አኑሩ፤ አመድ ነስንሱ። ውሻ አስራችሁ አቆዩ። ስታገኟት ዘላችሁ አትያዟት፤ የደነገጠች ድመት ትነክሳለች፣ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በድመትም ይተላለፋል። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ፍለጋውን ለአንድ ሰው ስም ጠርታችሁ አደራ ስጡ፤ ስልካችሁንም ተዉ።

በመንደራችሁ እንግዳ ድመት ያያችሁም አታባርሯት፤ ድንጋይ አትወርውሩባት። ያለ ባለቤት የመጣች አይምሰላችሁ። ለእረኛው ንገሩ፤ ለጎረቤት ንገሩ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለካህኑ፣ ዓርብ ከስግደት በኋላ ለመስጊዱ ሽማግሌ ንገሩ። በወሩ ውስጥ የሚፈልጋት ሰው ይመጣ ይሆናል።